«አምስቱንም ስፒከር ያናግራል» ተብሎ የሚሸጠውን ኮንቨርተር ከመግዛታችሁ በፊት፣ ጅማ ያላችሁ አንብቡት

ወገኖቼ፣ የእኔ ብር ሄዷል። የእናንተ እንዳይሄድ ነው የምጽፈው።

ለአባባ አዲስ ቲቪ ገዛንላቸው። ቲቪው ከኋላው የድሮው ቀይና ነጭ የድምፅ መውጫ የለውም፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም የለውም። ያለው ኦፕቲካል የሚባለው፣ ውስጡ ቀይ ብርሃን የሚታይበት ትንሽ ቀዳዳ ነው። ቤት ያለው ሆም ቲያትር ደግሞ ባለ አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር፣ የቆየ ባለዲቪዲ ነው። ሐሙስ ገበያ ስወጣ እዚሁ ጅማ መርካቶ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ ይህንኑ አስረዳሁ። ሻጩ ኮንቨርተር የምትባል፣ በመዳፍ የምትያዝ ጥቁር ሳጥን አውጥቶ «ይቺን ሰካ፣ አምስቱም ይናገራሉ» አለኝ። ካርቶኑ ላይ 192 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት የሚል በትልቁ ተጽፏል። አመንኩት፣ 2,900 ብር ከፈልኩ።

ቤት ስሰካት የፊት ሁለቱ ብቻ ተናገሩ። ከፍላሽ ፊልም ስንከፍት ደግሞ ጆሮ የሚበጥስ የሺሺታ ጩኸት ወጣ፤ አባባ ደንግጠው ከመቀመጫቸው ተነሱ።

ሳጥኗ አልተበላሸችም። የተነገረኝ ነው ውሸት የነበረው። ሥራዋ የቲቪውን ዲጂታል ድምፅ ወደ አናሎግ ለውጣ በቀይና በነጭ ገመድ ማውጣት ነው። ነጩ ግራ፣ ቀዩ ቀኝ፤ ከሁለት ገመድ አምስት የተለያየ ድምፅ አይወጣም። አንዳንድ ሆም ቲያትር ሁለቱን ድምፅ ለአምስቱ ስፒከር ማከፋፈል ይችላል፤ ያ ግን ፊልሙ ላይ ከኋላ ተለይቶ የተቀዳውን ድምፅ አያመጣላችሁም። ካርቶኑ ላይ ያለው 192ም ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ ይናገራል እንጂ ከስፒከር ብዛት ጋር ምንም አያገናኘውም።

ጩኸቱ የመጣው ከቲቪው ሴቲንግ ነው። እንዲህ ያሉት ርካሽ ሳጥኖች የሚያነቡት ፒሲኤም የሚባለውን ያልታመቀ ድምፅ ብቻ ነው። ቲቪው ዶልቢ ወይም ዲቲኤስ የሚባለውን የታመቀ የፊልም ድምፅ ሲልክላቸው ወይ ዝም ይላሉ ወይ ይጮኻሉ። ገዝታችሁ ከሆነ መጀመሪያ ድምፁን ቀንሱ፣ ስፒከር ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያ የቲቪው የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል አውትፑት የሚለውን ፒሲኤም ላይ አድርጉት።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ይሄ ነው። አንድ ጠጋኝ ጎረቤታችን መጥቶ ሆም ቲያትሩን አዙሮ ሲያየው፣ ከኋላው የራሱ ኦፕቲካል መግቢያ አለው! ዲቪዲ ፊልም ድምፁ በብዛት በዶልቢ ስለሚመጣ ዶልቢን የሚፈታው ክፍል ድሮም እዚያው ሆም ቲያትሩ ውስጥ ነበር። የሚያስፈልገን የኦፕቲካል ገመድ ብቻ ነበር። ጫፉ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን አውልቀን ሰካነው፣ ቲቪውን ወደ ዶልቢ መለስነው፣ ያው ፊልም በአምስቱም ተናገረ። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የሆም ቲያትራችሁን ጀርባ በስልክ አንሱትና ይዛችሁ ሂዱ። ኦፕቲካል የሚል መግቢያ ካለው ኮንቨርተር አትግዙ። ቲቪውም ሆም ቲያትሩም ላይ ኤአርሲ (ARC፣ የቲቪውን ድምፅ ወደ ሆም ቲያትሩ የሚልክ) የሚል ጽሑፍ ያለበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለም አንድ ኤችዲኤምአይ ገመድ ይበቃል፤ ኤአርሲ ያልተጻፈበት ቀዳዳ ላይ ግን አይሠራም።

የግድ ሳጥኗ ካስፈለገቻችሁም ኦፕቲካሉ መግቢያ፣ ቀይና ነጩ መውጫ መሆኑን አንብቡ። መልኳ አንድ ሆኖ በተቃራኒው የምትሠራም አለች። የእኔዋ በ5 ቮልት ነው የምትሠራው፤ ቤት የተገኘውን የ12 ቮልት አዳፕተር ብትሰኩባት ትቃጠላለች።

ሳጥኗን ልመልስ ስሄድ ሻጩ «ከሱቅ ከወጣ አይመለስም» አለኝ። ደረሰኝ አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም ነበር። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ግን እዚያ ሱቅ እንደገዛሁ የማሳይበት ወረቀት የለኝም። እናንተ የዕቃው ስምና የሚሠራው ሥራ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ።

ሳጥኗ እኔ ጋ አለች። የሚያውቀኝ የፈረንጅ አራዳ ሰው ሁሉ መጥቶ ይውሰዳት፣ ከመግዛቱ በፊት ቤቱ ይሞክርባት።