ለመጥፎ የአፍ ጠረን ምን እንግዛ? የምላስ ማጽጃ፣ ማውዝዎሽ፣ መፋቂያና የሆሚዮፓቲ ኪኒን በንጽጽር

ታላቅ እህቴ ስታወራ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ታስጠጋለች። ለዓመታት ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቡና ተጠጥቶ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ቀስ ብላ «አፌ ይሸታል እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ። ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተች። ሁለት ጠርሙስ ማውዝዎሽ አለ። የተጀመረ የሚንት ከረሜላ አለ። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣላት ትንሽዬ የኪኒን ብልቃጥም አለ። ብዙ ብር ወጥቶበታል። አንዱም ግን አልጠቀማትም።

እንዲህ ዓይነት መሳቢያ ያለው ሰው ብዙ ነው። ሰው ስለ አፉ ጠረን ማማከር ያፍራል፤ ዝም ብሎ ይገዛል። ስለዚህ የሚሸጡትን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ የማስበውን ልንገራችሁ።

ሽታው ከየት ነው የሚመጣው?

ብዙዎቻችን «ሆዴ ነው» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ሆድ አይደለም። አፋቸው ከሚሸት አስር ሰዎች የስምንቱ ወይም የዘጠኙ ችግር እዚያው አፍ ውስጥ ነው ያለው። ዋናው ቦታ የምላስ የኋለኛው ክፍል ነው። እዚያ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ተደብቀው የምግብ ትራፊና የሞተ ሴል ይሰባብራሉ። ሲሰባብሩ የሰልፈር ጋዝ ያወጣሉ። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አንዱ ነው።

ሁለተኛው ድድ ነው። ጥርስ ስትቦርሹ ደም ካያችሁ ድዳችሁ ተቆጥቷል ማለት ነው። ቆይቶ በጥርስና በድድ መሃል ኪስ ይፈጠራል፤ ባክቴሪያው እዚያ ይጠራቀማል። የተቦረቦረ ጥርስና ሌሊት ሳይወልቅ የሚያድር ሰው ሠራሽ ጥርስም ያሸታሉ።

ሦስተኛው ድርቀት ነው። ምራቅ አፍን ያጥባል፤ ሲያንስ ሽታው ይበረታል። ጠዋት ስንነሳ የሚሸተን ለዚህ ነው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ያውቀዋል። ምግብ ሳይገባ ሲቆይ ደግሞ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ያም የራሱ ጠረን አለው። ጫት፣ ሲጋራ፣ ለአለርጂ የሚወሰዱ ኪኒኖች፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችም አፍ ያደርቃሉ።

ነጭ ሽንኩርት ለብቻው ይታያል። ሽታው ደም ውስጥ ገብቶ በሳንባ በኩል ይወጣል። ስለዚህ አፍን ብትታጠቡም ተመልሶ ይመጣል። ጊዜ ብቻ ነው የሚያስለቅቀው።

የምላስ ማጽጃ ወይስ ማውዝዎሽ?

አንዱን ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ የምላስ ማጽጃውን ግዙ። ለዚህ ጥርጥር የለኝም።

እህቴን ጠዋት መስኮት ጋ አቆምኳት። የሻይ ማንኪያ ገልብጣ ከምላሷ ጀርባ ወደ ፊት ቀስ ብላ እንድትጎትት ነገርኳት። ማንኪያው ላይ ወፍራም ቢጫ ነገር ወጣ። ከአፍንጫዋ አስጠጋችውና ዓይኗን ጨፈነች። «ይሄ ነው?» አለች። እሱ ነበር። በቀን ሁለቴ ጥርሷን የምትቦርሽ ሰው ናት። ምላሷን ግን ማንም አስነክቷት አያውቅም።

የምላስ ማጽጃ በፕላስቲክም በብረትም ይሠራል። እኔ የማይዝገውን ብረት እመርጣለሁ፤ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ለዓመታት ያገለግላል። የጥርስ ብሩሽም ምላስ ያጸዳል። ማጽጃው ግን ዝቃጩን በተሻለ ይጠርጋል፤ ጠፍጣፋ ስለሆነም ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። ምላሳችሁን አውጡ፣ ትንፋሻችሁን ወደ ውጭ እየለቀቃችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ጎትቱ፣ በየመሃሉ አለቅልቁት። አትጫኑ፤ ከደማ በዝቷል። በየቀኑ ካልተደረገ ግን ዝቃጩ ይመለሳል።

ማውዝዎሽ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ስትገዙ የፊት ለፊቱን ሥዕል ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ።

ክሎርሄክሲዲን የሚል ካያችሁ ጠንካራው ነው። 0.12 ወይም 0.2 ፐርሰንት ሆኖ ይሸጣል። ባክቴሪያ በደንብ ይገድላል፤ ለታመመ ድድና ከጥርስ ሕክምና በኋላ ሐኪም የሚያዘው እሱን ነው። ለሁልጊዜ ግን አይሆንም። ከሁለት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ጥርስን ቡናማ ያደርጋል፣ የምግብ ጣዕምም ያበላሻል። ደግሞ ከጥርስ ሳሙና ጋር አይስማማም። ከቦረሻችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ።

ዚንክ ያለው ለዕለት ተዕለት ይሻላል። ዚንኩ የሰልፈሩን ጋዝ ይይዘዋል፤ ሽታውን በሌላ ሽታ ከመሸፈን ይለያል። ሴቲልፒሪዲኒየም ከሚባለው ባክቴሪያ ገዳይ ጋር አብሮ ከሆነ የበለጠ ጥሩ ነው።

አልኮል የበዛበትን ተዉት። ሲጉመጠመጡት ያቃጥላል፤ የሚያቃጥለው የሚሠራ ይመስላል። አፋቸው የሚደርቅ ሰዎች ላይ ግን ድርቀቱን ሊያባብስ ይችላል። እህቴ መሳቢያ ውስጥ የነበሩት ሁለቱም ጠርሙሶች እንዲህ ዓይነት ነበሩ።

መፋቂያ ወይስ ብሩሽ?

መፋቂያን የሚንቅ ሰው ያናድደኛል። የወይራ፣ የልምጭ ወይም የክትክታ እንጨት ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲሆን የጥርስን ፊት በሚገባ ያጸዳል። ማኘኩ ራሱ ምራቅ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለባቸው አገሮች ሰዎች በማኘኪያ እንጨት እንዲጠቀሙ አበረታቷል። ዋጋውም የሚቀመስ ነው።

ለጠረን ግን ብቻውን አይበቃም። የመንጋጋ ጥርስን የውስጥ በኩል አይደርስም። በጥርስና በጥርስ መሃል አይገባም። የምላስን ጀርባ አያጸዳም። ፍሎራይድም የለውም። ስለዚህ ቀን ቀን መፋቂያ፣ ማታ ከመተኛት በፊት ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው ሳሙና አድርጉ። ያኘካችሁትን ጫፍ በየቀኑ ቆርጣችሁ ጣሉት። ወደ ጎን በኃይል አትፈግፍጉ፤ ድድን ያሸሻል።

የጥርስ ክር ደግሞ የተረሳ ዕቃ ነው። ከመንጋጋ ጥርሳችሁ መሃል አውጥታችሁ አሽትቱት። ከሸተተ ክሩን በየቀኑ ትፈልጉታላችሁ።

ማስቲካና ቅርንፉድ ለሰዓታት ነው። ስኳር የሌለው፣ በተለይ ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካ ምራቅ ስለሚያመጣ ከከረሜላ ይሻላል። ስኳር ያለው ከረሜላ ባክቴሪያውን ይመግባል።

የሆሚዮፓቲ ኪኒኑስ?

እዚህ ላይ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ። በአሜሪካ ፋርማሲዎች መደርደሪያ ላይ ከመደበኛው መድኃኒት ጎን ተቀምጦ ይሸጣል። በሻንጣም አገር ቤት ይገባል። የሚልከው ሰው በፍቅር ነው የሚልከው።

ሆሚዮፓቲን የጀመረው ሳሙኤል ሃነማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1796። ሐሳቡ ጤነኛን የሚያሳምም ነገር በጣም ከቀጠነ ተመሳሳይ ሕመም ያለበትን ሰው ያድናል የሚል ነው። ለአፍ ጠረን ብዙ ጊዜ የሚመርጧቸው እነዚህ ናቸው። ምራቅ ለሚበዛበትና ምላሱ ላይ የጥርስ ምልክት ለሚታይ ሰው ሜርኩሪየስ ሶሉቢሊስ፣ ማለትም ከሜርኩሪ የተሠራ። ምግብና መጠጥ አብዝቶ ጠዋት አፉ ለሚሸት ኑክስ ቮሚካ። አፉ ደርቆ ውሃ ለማይጠማው ፑልሳቲላ። ጥርሱ ለተቦረቦረ ክሪዮሶተም።

የእህቴ ብልቃጥ ላይ «30ሲ» ይላል። አንድ ጠብታ በ99 ጠብታ ፈሳሽ ይቀጠናል፤ ከዚያ አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና በ99። ይህ 30 ጊዜ ይደጋገማል። ከ12ኛው ዙር በኋላ ከመጀመሪያው ነገር አንድ ሞለኪውል እንኳ የመገኘቱ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። እንግዲህ አፍ ውስጥ የሚሟሟው ስኳር ነው። ስኳር ደግሞ የምላስን ዝቃጭ አያነሳም።

የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና ሕክምና ምርምር ምክር ቤት ማስረጃውን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ሆሚዮፓቲ ይሠራል ለማለት አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም የጤና ችግር እንደሌለ ደመደመ። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት በ2017 ሐኪሞች እንዳያዙት መከረ።

«ቢያንስ አይጎዳም» የሚል አለ። 30ሲ ራሱ አይጎዳም ይሆናል። እንደ 1ኤክስና 3ኤክስ ያሉ ቁጥሮች ግን ብዙ አልቀጠኑም፤ ውስጣቸው እውነተኛ ንጥረ ነገር ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥርስ ለሚያወጡ ሕፃናት በሚሸጡ የሆሚዮፓቲ ኪኒኖች ውስጥ ወጥ ያልሆነ የቤላዶና መጠን አግኝቷል። ቤላዶና መርዛማ ተክል ነው። ለልጅ ፈጽሞ አትስጡ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። እህቴ ኪኒኑን በወሰደችባቸው ወራት ድዷ ይደማ ነበር። የታመመ ድድ ዝም ከተባለ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል።

እና ለማን የቱ?

ድዳችሁ የሚደማ ከሆነ ከዕቃ በፊት ጥርሳችሁን አሳጥቡ። የደረቀውን ቆሻሻ በቤት ውስጥ ብሩሽ አያነሳውም። ድዳችሁ ደህና ሆኖ የሚሸት ከሆነ የምላስ ማጽጃና የጥርስ ክር፤ ብር ከተረፈ ዚንክ ያለው ማውዝዎሽ። በጾም ወቅት ብቻ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ማታ በደንብ አጽድታችሁ ተኙ፣ ጠዋት ምላሳችሁን ጥረጉ፣ ሲፈሰክ ውሃ ጠጡ። አፋችሁን የሚያደርቅ መድኃኒት የምትወስዱ በራሳችሁ አታቁሙ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አንዳንዱ ሽታ መደርደሪያ ላይ መድኃኒት የለውም። ከቶንሲል የሚወጣ ነጭ ጠጠር ወይም የሳይነስ ፈሳሽ ከሆነ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። የስኳር ሕመምተኛ ትንፋሽ የፍራፍሬ ሽታ ካመጣና ማስመለስ ከተጨመረበት ለነገ የሚባል ነገር አይደለም፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። የትንሽ ልጅ ፊት አካባቢ ድንገት ከሸተተና ፈሳሽ በአንድ አፍንጫ ብቻ ከወረደ፣ ባቄላ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ ወትፎ ሊሆን ይችላል።

ራሳችሁን ማሽተት አስቸጋሪ ነው፤ አፍንጫ የራሱን ለምዶታል። እህቴ እንዳደረገችው አንድ የምታምኑትን ሰው ጠይቁ፤ አንድ ጊዜ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ከሰዓት። «የለም» ካላችሁ እመኑት፤ ሳይሸቱ ሸተትኩ ብለው የሚሰቃዩ ሰዎችም አሉ። «አዎ» ካላችሁ ማንኪያ ይዛችሁ ወደ መስኮት ሂዱ።