መንጋጋዬን ከመነቀል ላዳነችልኝ የጥርስ ሐኪም

ወገኖቼ፣ ነርቩ ተገድሎ ከተሞላ በኋላም የሚያሰቃያችሁ ጥርስ ካለ ይህን አንብቡልኝ።

የታችኛው ሁለተኛ መንጋጋዬ፣ በግራ በኩል ያለው፣ ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ታክሞ ነበር። ሆኖም ቆሎ ባኘክሁ ቁጥር ይነዝረኛል፤ ድዴም ላይ ብጉር ቢጤ ብቅ እያለ መግል ያወጣል። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ተነቀለውና ተገላገል» ስላለኝ ወደ እሷ የሄድኩት ላስነቅለው ነው።

«ጋሼ፣ መንቀሉ የትም አይሄድብንም። መጀመሪያ ውስጡን ልየው» አለችኝና ሲቢሲቲ የሚባለውን፣ ጥርሱን በሁሉም አቅጣጫ የሚያሳየውን ራጅ አዘዘች። ተራው ራጅ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከፊትና ከኋላ ያለው ይደራረብበታል። እዚህኛው ላይ ግን ጉዱ ታየ። የኔ ጥርስ ሥሮች ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ ውስጡም እንደሌላው ጥርስ የተለያዩ ክብ ቀዳዳዎች ሳይሆኑ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ነው። ሐኪሞቹ «ሲ ቅርጽ» ይሉታል። እንደነገረችኝ በብዛት የሚገኘው በዚሁ በታችኛው ሁለተኛ መንጋጋ ላይ ነው፤ ቻይናና ኮሪያ አካባቢ በጣም የተለመደ ቢሆንም የትም አገር ሰው ላይ ይገኛል።

ችግሩም ከዚህ ይመጣል። ማጽጃው ፋይል (መርፌ የመሰለ ቀጭን መሞረጃ) ክብ ስለሆነ ሁለቱን ጫፎች ቢጠርግም መሐል ያለው ቀጭን ክፍተት ውስጥ አይገባም። በጉልበት ልግባ ቢል ደግሞ ግድግዳው ስስ ነውና ይበሳል። ስለዚህ አፌ ላይ የላስቲክ ሽፋን ወጥራ፣ በማይክሮስኮፕ እያየች የድሮውን ሙሊት አወጣችና አብዛኛውን ሥራ ለፈሳሽ ተወችው። ፈሳሹ በረኪና ውስጥ ያለው ያው ኬሚካል መሆኑን ስሰማ ደንግጬ ነበር! በሚንቀጠቀጥ ቀጭን መሣሪያ እያናወጠች ስንጥቁን አጠበችው፤ ከዚያ መድኃኒት አስቀምጣ ዘጋችው። በሌላ ቀጠሮ ጉታ ፐርቻ የሚባለውን ላስቲክ መሰል መሙያ በሙቀት አለስልሳ እስከ ጥጉ ሞላችው።

ከማይክሮስኮፑ ይልቅ ልቤን የነካው አነጋገሯ ነው። የቀደመውን ሐኪም አንዴም አላማችውም፤ «በተራ ራጅ እኔም ላላየው እችል ነበር» አለች። ገንዘቤን ከመቀበሏ በፊትም «ላይድን ይችላል፤ ካልዳነ እንነቅለዋለን» ብላ በግልጽ ነግራኛለች።

ዋጋው ርካሽ አይደለም፣ ጥርሱ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋው ክራውንም ለብቻው ይከፈላል። ባለቤቴ «ከጥርሱ በላይ ያቃሰትከው ለሒሳቡ ነው» ትለኛለች። አፍ ከፍቶ መቆየቱም አገጭ ያዝላል። ብጉሩ ግን ጠፍቷል፤ ሥሩ ጫፍ ላይ የነበረው የቁስለቱ ጥላ በክትትል ራጁ ላይ ቀንሶ ታይቷል፤ ቆሎውንም በግራ በኩል ጀምሬዋለሁ።

እንዲህ ያለው አፈጣጠር ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል ስለሚሆን፣ ቀኙ ቢታመም ለሚያክመኝ ሐኪም አስቀድሜ እንድናገር አስጠንቅቃኛለች። እናንተም እንዲህ ከተባላችሁ ራጃችሁን አትጣሉ።

ስሟን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለለመነችኝ፣ አዲስ አበባ ያላችሁና የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኳን እልካለሁ። ያለ ቀጠሮ አትቀበልም። ዶክተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ!