ለጭንቀት መርፌ፦ የግል ክፍል፣ የጋራ ክፍል ወይስ ባለ እሾህ ምንጣፍ?

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ያ የምትወጋው መርፌ ለስትረስ ይሠራል? ስንት ነው?» አኩፓንክቸርን ማለታቸው ነው፤ መድኃኒት ሳይኖረው ቀጫጭን መርፌ ቆዳ ላይ የሚሰካበትን የቻይና ሕክምና። ዋናው ሁለተኛው ጥያቄ መሆኑን እናውቃለን። እዚህ ዲሲና ዙሪያዋ ያለን ሰዎች ቀን አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሥራ፣ በመሀል አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ፣ ከዚያ ጣሪያ እያዩ ማደር ነው ኑሯችን። ለእያንዳንዱ ከምደግም አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ምርጫው ሦስት ነው። የግል ክሊኒክ፣ ብዙ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ የሚወጋበት የጋራ ክሊኒክ፣ እና ኦንላይን የሚሸጠው፣ የሚጋደሙበት ባለ ፕላስቲክ እሾህ ምንጣፍ። እኔ የጋራው ደጋፊ ነኝ፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

የግሉ በእኛ አካባቢ ለአንድ ቀጠሮ ከ90 እስከ 150 ዶላር ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ምርመራ ተብሎ ይጨመርበታል። ክፍሉ ያምራል። ሙዚቃ አለ፣ የሞቀ አልጋ አለ። ግን ሰዓቱን ልብ በሉ። ባለሙያው ምላስ ያያል፣ የሁለቱንም እጅ የደም ሥር ይዳስሳል፣ አሥር አሥራ አምስት መርፌ ይሰካል፣ መብራት ቀንሶ ይወጣል። የት ሄደ? ቀጣዩ ክፍል ሌላ ሰው ሊወጋ። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ብቻችሁን ትጋደማላችሁ፣ ተመልሶ ይነቅላል፣ አለቀ። መቶ መርፌ የያዘ ፓኬት ከአሥር ዶላር ብዙም አይርቅም፤ የከፈላችሁት የክፍል ኪራይ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ብዙ ቀጠሮ ባንዴ የሚሸጡበት ፓኬጅ ነው። አንድ ቦታ ቀድመህ ከከፈልክ ቅናሽ አለ አሉኝና ከፈልኩ። ባለሙያዋ በመሀል ሥራ ለቀቀች። የተረፈውን መልሱልኝ ስል «ክሬዲት ነው፣ ሻይና ቅባት ግዛበት» ተባልኩ። የምን ቅባት! ዋግምትም በተጨማሪ ሒሳብ ይሸጣሉ። አዎ፣ ያው የእኛው ዋግምት፣ በቀንዱ ፈንታ በብርጭቆ።

ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል ብላችሁ ደግሞ አትዘናጉ። ሜዲኬር፣ በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለአኩፓንክቸር ይከፍላል፣ ግን ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ብቻ ነው። ለጭንቀት ሳንቲም የለም። የግል ኢንሹራንስ እንደ ፕላኑ ስለሆነ ደውላችሁ «ለጭንቀት» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። በሥራችሁ በኩል ኤፍኤስኤ ወይም ኤችኤስኤ የሚባለው ለሕክምና የሚቀመጥ ሒሳብ ካላችሁ ግን ታክስ ባልነካው ብር መክፈል ስለሚቻል እሱም እንደ ቅናሽ ነው።

አሁን ወደ ጋራው። ከ25 እስከ 50 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው መካከል የምትከፍሉትን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። የደመወዝ ወረቀት አምጡ የሚል የለም። አሠራሩን ያስፋፋው ኦሪጎን፣ ፖርትላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው ወርኪንግ ክላስ አኩፓንክቸር የተባለ ክሊኒክ ነው። ከዚያም በፊት በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ በሚገኘው ሊንከን ሆስፒታል የሱስ ታካሚዎችን አንድ ላይ አስቀምጠው ጆሯቸውን ይወጉ ነበር፤ ከዚያ የወጣው ጆሮ ላይ አምስት መርፌ የመሰካት ዘዴ ዛሬም ለጭንቀት ይሠራበታል።

ወደ ኋላ የሚለጠጡ ወንበሮች ተደርድረዋል። ጫማና ካልሲ ማውለቅ፣ ሱሪን እስከ ጉልበት፣ እጅጌን እስከ ክርን መሰብሰብ። አንዱ መርፌ ቅንድባችሁ መሀል ይገባል፣ አንዱ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ አንዱ እግር ላይ፣ የቀሩት ጆሮ ላይ። አብዛኛው መርፌ ከሩብ ሚሊ ሜትር አይወፍርም፣ ቆንጠጥ አድርጎ ይለቃል፤ የእጁ ግን ከበድ፣ ደንዘዝ ያደርጋል። ከዚያ ዝምታ ነው፣ ማንኮራፋት ካልተቆጠረ። የጆሮ መድፈኛ እንዳትሉ፣ ጆሯችሁ ላይ መርፌ አለ።

ጉዳቱ ገመና መሸፈኛ አለመኖሩ ነው። ሕመማችሁን በሹክሹክታ ነው የምትናገሩት፣ የሰበካ ጉባኤ አባልም አጠገባችሁ ሊቀመጥ ይችላል። ወሬው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይቀድመኛል ብሎ የሚፈራ ካለ፣ ወገቤን ነው ይበል።

ሒሳቡን እንሥራ። በሳምንት አንዴ ለስድስት ሳምንት እንበል። በግሉ በ120 ሲሰላ 720 ዶላር። በጋራው በ30 ሲሰላ 180። ልዩነቱ 540 ዶላር ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁለቱም ያገኘሁት ያው እንቅልፍ ነው። ጥናቱም ቢሆን ብዙ አያስፎክርም፤ እውነተኛውን መርፌ ከማስመሰያው ጋር ሲያወዳድሩ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ግማሹ ፈውስ ስልክ ሳይነኩ መጋደሙ ሊሆን ይችላል። ታዲያ መጋደሙ በ30 ከተገኘ ለምን 120? ጭንቀቱ ሥራ እስከማስቀረት ወይም መኖር እስከማስጠላት ከደረሰ ግን መጀመሪያ ሐኪም ነው፣ መርፌው ይቆይ።

ምንጣፉን ባለቤቴ በ22 ዶላር አዘዘችው። ሲከፈት ቤቱን የጎማ ሽታ ሞላው። እሾሆቹ ያሉት በትንንሽ ክብ ፕላስቲኮች ላይ ነው፣ ርካሹ ላይ በሙጫ ነው የተለጠፉት። የሰው ገላ ሙቀት ሲነካው ሙጫው መልቀቅ ጀመረ። አንዷ ክብ ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄዱ እግራችሁ ሥር ስትገኝ ጭንቀት ምን እንደሆነ ያኔ ታውቃላችሁ። በሱፐር ግሉ ሙጫ መለስኳት፤ ጨርቁ ደርቆ ጎረበጠና ሌሎች ሁለት ክቦች ወደቁ። የግድ ካላችሁ ጨርቁ በዚፕ የሚወልቅ፣ እሾሁ በጥፍር ሲነቀነቅ የማይነሳ ፈልጉ። እንዲህ ያለው 50 እና 60 ዶላር ይገባል፣ ያ ማለት ሁለት የጋራ ቀጠሮ። ደግሞም ቆዳ አይበሳም፤ አኩፓንክቸር ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

የትም ብትሄዱ መርፌው ፊታችሁ ከታሸገ ፓኬት ይውጣ፤ አንዴ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ፈቃዱንም እዩ፣ ሜሪላንድ ራሱን የቻለ የአኩፓንክቸር ቦርድ አለው፣ ቨርጂኒያ በሕክምና ቦርዱ በኩል ነው የሚሰጠው። መርፌ ገዝቶ ከቪዲዮ እያዩ ቤት መወጋት የሚባል ነገር አይታሰብ፤ ደረት ላይ ጠልቆ ከገባ ሳንባ ይበሳል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ቀድሞ ይናገር። ባዶ ሆድ መወጋት ስለሚያዞር በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ቀጠሮውን ከዚያ በኋላ አድርጉት። አብዛኛው ቦታ ቲፕ አይጠበቅም።