ቢጫዋ 3318 እና አጥንት የለበሰችው 6254፦ ከወራት በኋላ

ከክረምቱ በፊት ጀምሮ እዚህ ደብረ ብርሃን ሁለት የኬዝ ሰንጢዎች ይዣለሁ፤ ኬዝ የአሜሪካ ሰንጢ ሠሪ ነው። እህቴ ናት ከአሜሪካ የላከችልኝ። አንዷ ቢጫ እጀታ ያላት 3318፣ ሌላዋ ቡናማ አጥንት የለበሰችው 6254። ለሥራ ቢጫዋን እመርጣለሁ። ለስብስብ ግን ልቤ ከአጥንቷ ጋር ነው።

ቁጥሮቹን ማንበብ ከቻላችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ። ስለቱን ስትከፍቱ ከሥሩ ታትመው ታገኟቸዋላችሁ። የመጀመሪያው አሃዝ የእጀታውን ዓይነት ይናገራል፦ 3 ቢጫ ፕላስቲክ፣ 5 የአጋዘን ቀንድ፣ 6 አጥንት፣ 8 እውነተኛ የሉል ዛጎል፣ 9 ዛጎል የሚመስል ፕላስቲክ። ሁለተኛው የስለቶቹ ብዛት ነው። የተረፈው የሞዴሉ ቁጥር ነው። እንግዲህ 3318 ማለት ቢጫ፣ ባለ ሦስት ስለት፣ 18 ቁጥር ሞዴል፤ ስሙ ስቶክማን። 6254 ደግሞ ባለ ሁለት ስለቱ ትራፐር ነው። መጨረሻ ላይ ኤስኤስ ካለ የማይዝግ ብረት፣ ሲቪ ካለ ክሮም ቫናዲየም፣ ማለትም ሊዝግ የሚችል ብረት።

አሮጌ ለምትፈልጉ ስለቱ ሥር የታተሙትን ነጥቦች ቁጠሩ። ፋብሪካው በ1970 እ.ኤ.አ. 10 ነጥብ አተመ፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ ቀነሰ። በ1970ዎቹ ከተሠሩት 7 ነጥብ ያላት የ1973 ናት።

ቁጥሩ ግን ሁሉን አይነግራችሁም። እጀታ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ በዓይናችሁም አረጋግጡ። አጉሊ መነጽር ስታስጠጉ አጥንት ላይ ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ቀዳዳዎች ታያላችሁ፤ ፕላስቲክ ላይ የሉም። የግራና የቀኝ ጎኑም አንድ አይሆንም። የአጋዘን ቀንድ የራሱ ሸካራ ገጽ አለው። እኛ አገር ዋንጫ የሚሠራበት የበሬ ቀንድ ደግሞ ሲሳሳ ብርሃን ያስተላልፋል። የጋለ መርፌ እየወጉ የሚፈትኑ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት፤ ጠባሳው አይጠፋም። አንድ የሰፈራችን ሰው «እውነተኛ ዛጎል» ያሉኝን ነጭ ሰንጢ ሲያሳዩኝ ቁጥሩ በ9 ይጀምር ነበር። መርፌ አላስፈለገም።

ቢጫዋ ሲቪ ናት። ድንችና ሽንኩርት ስከትፍባት ስለቷ ሰማያዊ ግራጫ ሆነ፤ እኔ ወድጄዋለሁ። በሐምሌ እርጥበት ግን መገጣጠሚያዋ አካባቢ የዝገት ነጠብጣብ ጣለች። አሁን ከሥራ በኋላ እወለውላታለሁ፣ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አደርግባታለሁ፤ ችግሩ ቆመ። ስትሳል ደስ ትላለች፣ ቶሎ ትሰላለች። ማዳበሪያ፣ ገመድ፣ ካርቶን ሁሉንም ቆርጫለሁ፤ ሞላዋ ዛሬም እንደ አዲስ ነው። ሰፊና ጫፉ ዱልዱም የሆነው ስለት ከብትና በግ ለማኮላሸት የታሰበ ነው፤ ለመንዝ በግ አርቢ ይህ ቁም ነገር ነው። አንድ ቅሬታ አለኝ፦ በኅዳር ውርጭ ጣት ሲደነዝዝ ትንንሾቹን ስለቶች በጥፍር ማውጣት ያስቸግራል።

አጥንቷ ኤስኤስ ስለሆነች ዝገት አላየሁባትም። እጀታዋ እጅ ውስጥ ስትገባ ያለው ስሜት ከፕላስቲክ ጋር አይወዳደርም። ግን እንክብካቤ ትፈልጋለች። አጥንት ድንገተኛ ድርቀት አይወድም። ፈላ ውኃ ውስጥ አትንከሯት፣ ምድጃ ዳር ወይም ፀሐይ ላይም አትተዉአት።

ያገለገለች ስትገዙ የቁጥሩን፣ የሁለቱንም የእጀታ ጎኖችና እጀታውን የያዙትን ሚስማሮች ዙሪያ ፎቶ በቅርበት ጠይቁ። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የምትጀምረው እዚያ ነው።