አዲስ ፊልም ከመክፈታችሁ በፊት እነዚህን የድሮዎቹን እዩልኝ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ አዲስ ፊልም ከፈትን። ስሙን አልጠራም። ትሬለሩ ለሳምንታት በየስልካችን ሲዞር ስለነበር ሁለታችንም ጓጉተን ነው የጠበቅነው። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። ግማሽ ላይ ሳይደርስ ወንድሜ ስልኩን አወጣ። እኔም ብዙ አልቆየሁም። የሚገርመው ምንም አላመለጠንም፤ ምክንያቱም ገጸ ባሕርያቱ ትንሽ በሄዱ ቁጥር ቆም እያሉ ምን እንደተፈጠረ፣ ማን ማንን እንደከዳ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ በቃላቸው ይነግሩናል። ስልካችንን እየነካካን ብናየውም እንዲገባን ተደርጎ የተሠራ ነው የሚመስለው።

በማግስቱ የ1957ቱን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ከፈትኩለት። ጥቁርና ነጭ መሆኑን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። «20 ደቂቃ ብቻ ታገሰኝ» አልኩት። ስልኩን የት እንዳስቀመጠ ትዝ ያለው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው።

ነገሩን ሳስበው እንዲህ ይመስለኛል። አዲስ ፊልም ስትከፍቱ ቀማሾቹ እናንተ ናችሁ። ከወጣ ገና ሳምንቱ ነው፣ ጥሩ ይሁን መጥፎ በቅጡ የሚያውቅ የለም፣ የምትሰሙት ማስታወቂያውን ነው። ከ60 እና ከ70 ዓመት በፊት የተሠራ ፊልም ግን ማስታወቂያው ካለቀ ቆይቷል። የሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት የሉም። እስከ ዛሬ ሰው ለሰው «ይሄንን እይ» እየተባባለ እዚህ የደረሰው ያየው ስለወደደው ነው። ዓመታት አበጥረውታል። ያኔም ቢሆን ብዙ ዝባዝንኬ ተሠርቷል፣ እሱን ዛሬ የሚያስታውሰው የለም፤ ስለዚህ «የድሮ ሁሉ ጥሩ ነው» እያልኩ አይደለም። የተረፈው ግን የተረፈው በምክንያት ነው።

ከዚሁ ከ«ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ልጀምር። አሥራ ሁለት የተቆጡ ሰዎች ማለት ነው። የዳይሬክተሩ የሲድኒ ሉሜት የመጀመሪያ ፊልም ነው፣ ርዝመቱ 96 ደቂቃ። ጁሪ የሚባሉ 12 ተራ ሰዎች አባቱን ገድሏል በተባለ የ18 ዓመት ልጅ ላይ እንዲወስኑ አንድ ክፍል ውስጥ ይዘጋባቸዋል። ጥፋተኛ ካሉት ይሞታል። 11ዱ ቶሎ «ጥፋተኛ ነው» ብለው ወደ ቤታቸው መሄድ ይፈልጋሉ። አንዱ፣ ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው፣ አይስማማም። እሱም ልጁ ንጹሕ ነው አይልም፣ ትንሽ እንነጋገርበት ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ንግግር ነው። ተኩስ የለም፣ ሩጫ የለም፣ ከክፍሉ የምንወጣው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ልብ ግን ይሰቅላል።

እንዴት እንደሚሰቅል ለማወቅ ካሜራውን እዩት። ሉሜት መጀመሪያ ላይ ካሜራውን ከሰዎቹ ዓይን ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ክፍሉ ሰፊ ይመስላል። መሐል ላይ በዓይናቸው ልክ ያደርገዋል። ወደ መጨረሻው ከዓይናቸው በታች ያወርደዋል፣ ጣሪያው መታየት ይጀምራል። ሌንሱንም ረዘም ወዳለው እየለወጠ ስለሚሄድ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የተጠጋ ይመስላል። ይሄን ሳላውቅ ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ መሐል ላይ ተነስቼ መስኮት ከፍቻለሁ።

ደግሞ የማራገቢያው ነገር አለ። ቀኑ በጣም ይሞቃል፣ ሰዎቹ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ማራገቢያ አይሠራም። አንዱ ይነካካውና ይተወዋል። በኋላ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ክፍሉ ይጨልማል፣ መብራት ያበራሉ፣ ማራገቢያው መዞር ይጀምራል። ለካ ከመብራቱ ጋር በአንድ ማብሪያ ነው የተያያዘው። ያን ሁሉ ጊዜ ሲቃጠሉ ማብሪያውን የነካ አልነበረም። ፊልሙ ይሄን አሳይቶን ያልፋል፣ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ይተውልናል። ባለፈው ቅዳሜ ካየሁት ጋር ሳስተያየው ያናደደኝ ይሄው ነው፤ ያኛው ቢሆን ኖሮ አንዱ ገጸ ባሕርይ ተነስቶ ስለ ማራገቢያው ትርጉም ንግግር ባደረገልን ነበር።

እንከን የለውም ወይ? አለው። 12ቱም ነጭ ወንዶች ናቸው፣ ዛሬ ሲታይ ይሄ ዓይን ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ቦታ ላይም ትወናው የመድረክ ቲያትር ይመስላል። ሲወጣ በገበያም አልተሳካለትም። እኔ ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሁለተኛው ጣሊያናዊ ነው፣ የ1948ቱ «ባይስክል ቲቭስ»፣ የቢስክሌት ሌቦች። የቪቶሪዮ ዴ ሲካ ሥራ ነው። ታሪኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ከጦርነቱ በኋላ ሮም ውስጥ ሥራ አጥቶ የኖረ አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፣ ሥራው ቢስክሌት ይጠይቃል፣ ቢስክሌቱ በመጀመሪያው ቀን ይሰረቃል፣ እሱና ትንሹ ልጁ ከተማውን እያሰሱ ይፈልጋሉ። በቃ።

ግን መጀመሪያ አካባቢ ያለችውን አንዲት ትዕይንት ልብ በሉልኝ። ሥራው ሲገኝ ቢስክሌቱ በመያዣነት ተይዟል፣ ማስለቀቂያ ገንዘብ የለም። ሚስትየዋ ብዙ አታወራም። የአልጋቸውን አንሶላዎች ገፍፋ ትጠቀልልና እነሱን ለማስያዝ ይሄዳሉ። ሠራተኛው ጥቅልሉን ይቀበልና ወደ መደርደሪያው ይሄዳል፣ ከዚያ መውጣት ይጀምራል። ካሜራው ይከተለዋል። ይወጣል፣ ይወጣል፣ መደርደሪያው አያልቅም፣ እስከ ጣሪያው ድረስ የተደረደረው ሁሉ የሌላ ሰው አንሶላ ነው። ስንት ቤት ውስጥ ሰው ያለ አንሶላ እንደሚተኛ አስቡት። አንድም ቃል አልተነገረም፣ ትዕይንቷም ወዲያው ታልፋለች። እኔ ስለ ድህነት የተሠሩ ብዙ ፊልሞች አይቻለሁ፣ እንደዚህ መደርደሪያ ውስጤ የቀረ የለም።

አባቱን የሚጫወተው ላምበርቶ ማጆራኒ ተዋናይ አልነበረም፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። አንድ የሆሊውድ ፕሮዲውሰር ኬሪ ግራንት አባቱን ከተጫወተ ገንዘቡን እኔ አወጣለሁ ብሎ ነበር፣ ዴ ሲካ እምቢ አለ። እንኳንም እምቢ አለ። ኬሪ ግራንትን እወደዋለሁ፣ ግን ቢስክሌት ጠፋበት ብዬ አላዝንለትም፤ ሌላ ይገዛል። የማጆራኒን ፊት ስታዩ ግን ሌላ መግዣ እንደሌለው ታውቃላችሁ። ልጁን የሚጫወተው ኤንዞ ስታዮላም ከመንገድ የተገኘ ነው። አባትየው ሲፈጥን ልጁ በትንንሽ እግሮቹ እየሮጠ ሲከተለው፣ ቀና እያለ ፊቱን ሲያየው፣ ልጅ ያላችሁ ሰዎች ልባችሁ አይችለውም። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ብቻችሁን ብታዩት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ የዳይሬክተሩን የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሪር ዊንዶው» ውሰዱ፣ 1954። እግሩ የተሰበረ ፎቶ አንሺ ቤት ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ጎረቤቶቹን ያያል፣ አንዱ ጎረቤት ሚስቱን ሳይገድል አልቀረም ብሎ ይጠረጥራል። ካሜራው ከሞላ ጎደል ከዚያ ክፍል አይወጣም። ለዚህ ብለው ሙሉ ግቢውን ከነፎቆቹ በስቱዲዮ ውስጥ ሠርተውታል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ለማየት ብቻ እንኳ ይከፈታል። ካሜራው ክፍሉን ቀስ ብሎ ይዞረዋል፦ በጀሶ የታሰረ እግር፣ ቀጥሎ የተሰባበረ ካሜራ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ አደጋ ላይ ያለ የውድድር መኪና ፎቶ፣ ጎማው ተነቅሎ ወደ እኛ እየበረረ። ሰውየው ማን ነው? ሥራው ምንድን ነው? እግሩን ምን ሰበረው? ሁሉንም አወቅን፣ እሱ ገና ከእንቅልፉ አልነቃም።

ቻፕሊንን ደግሞ ብዙ ሰው በአጫጭር ቅንጥብጣቢ ብቻ ነው የሚያውቀው። እባካችሁ «ሲቲ ላይትስ»ን ሙሉውን እዩት። የወጣው በ1931 ነው፤ ፊልም መናገር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፣ እሱ ግን ያለ ንግግር ሠራው። ቻፕሊን የሚጫወተው ኪሱ ባዶ የሆነ ቤት አልባ ነው፤ አበባ የምትሸጥ ዓይነ ሥውር ልጅ ታገኘዋለች፣ ሀብታም ነው ብላ ማሰብ አለባት። ንግግር በሌለበት ፊልም ይሄ እንዴት ይሆናል? የቆመ መኪና ውስጥ ገብቶ በሌላኛው በር ይወጣል፣ በሩ ሲዘጋ ትሰማለች፣ ከመኪና የወረደ ሰው ነው ብላ ትገምታለች። ያቺን ትዕይንት በተደጋጋሚ፣ ከ300 ጊዜ በላይ እንደቀረጻት ይነገራል። ስታዩዋት ግን ምንም ልፋት አይታይባትም። ወንድሜ በዚህኛው ሳቀ፣ ሳቀ፣ መጨረሻ ላይ ዝም አለ።

«ኢኪሩ» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። የአኪራ ኩሮሳዋ የ1952 ፊልም ነው፣ በጃፓንኛ «መኖር» ማለት ነው። ለዓመታት ወረቀት ላይ ማኅተም ከመምታት ሌላ ምንም ያልሠራ የቢሮ ኃላፊ የሆድ ካንሰር እንዳለበትና የቀረው ጊዜ አጭር እንደሆነ ያውቃል። መጀመሪያ ላይ የሰፈር እናቶች የቆሸሸ ውሃ ያቆረበት ቦታ ይስተካከልልን ብለው ይመጣሉ፣ እሱ ወደ ሌላ ክፍል ይልካቸዋል፣ ያኛውም ወደ ሌላ፣ ያኛውም ወደ ሌላ፣ እያለ ዞረው ዞረው መጀመሪያ ወደመጡበት መስኮት ይመለሳሉ። «ዛሬ ሂድ ነገ ና» ተብሎ የተመላለሰ ሰው ይሄን ሲያይ የሚሰማውን እኔ መግለጽ አይጠበቅብኝም። ሰውየው ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ የምናውቀው በአብዛኛው ከሌሎች አፍ ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ ባልደረቦቹ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው እየጠጡ ሲከራከሩበት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሞቶ ፊልሙ ገና ብዙ ይቀረዋል። ይሄን ዛሬ የሚደፍር ስንት ሰው አለ? 143 ደቂቃ ነው፣ መሐሉ ላይ ይጎተታል፣ አልዋሽም። ታገሡት። ሰውየውን የሚጫወተው ታካሺ ሺሙራ በበረዶው ውስጥ የሚዘፍንበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ታመሰግኑኛላችሁ።

የድርጊት ፊልም ካልሆነ አንይም ለምትሉት የ1953ቱ የፈረንሳይ ፊልም «ዘ ዌጅስ ኦፍ ፊር» አለላችሁ። 4 ሰዎች፣ 2 የጭነት መኪና፣ ትንሽ ከተንገጫገጨ የሚፈነዳ ናይትሮግሊሰሪን፣ መጥፎ መንገድ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ቀስ ይላል፣ መኪናዎቹ ከተነሱ በኋላ ግን መቀመጫችሁን ትጨብጣላችሁ።

አሁን አጉል እንዳይበላሽባችሁ ጥቂት ነገር ልበል። ጥራት የሌለው ቅጂ አትክፈቱ። ብዙዎቹ ዛሬ ታድሰው፣ ጭረታቸው ጠርቶ ይገኛሉ፤ ምስሉ ጭጋግ ከመሰለና ድምፁ ከተንጫጫ የምትጠሉት ቅጂውን ነው። በኋላ ቀለም የተቀባውን ተዉት፣ ብርሃኑና ጥላው ለጥቁርና ነጭ ታስቦ ነው የተሠራው። «ሲቲ ላይትስ»ን፣ «ባይስክል ቲቭስ»ንና «ኢኪሩ»ን ስትከፍቱ ስክሪኑ ግራና ቀኝ ጥቁር ይሆናል። ብልሽት መስሏችሁ አትለጥጡት፣ ምስሉ ሲሠራም ወደ ካሬ የቀረበ ነው፤ ከለጠጣችሁት ሰዎቹ ይወፍራሉ፣ ካሰፋችሁት ጭንቅላታቸው ይቆረጣል። ቴሌቪዥናችሁ እንቅስቃሴ የሚያለሰልስ ቅንብር ካለውም አጥፉት፣ ፊልሙን እንደ ቀጥታ ስርጭት ያስመስለዋል። ስልኩን ደግሞ ሌላ ክፍል አስቀምጡት። እነዚህ ፊልሞች የሚናገሩት በምስል ነው፣ ቀና ብላችሁ ካላያችሁ በጆሮ ብቻ አትደርሱበትም።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ አለው። አንድ ጓደኛዬ በኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» ልጀምር ብሎ እንቅልፍ ወሰደው፣ ከዚያ ወዲህ የድሮ ፊልም ሲባል ይሸሻል። ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም፤ 207 ደቂቃ ከሥራ ደክሞ ለመጣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ይከብዳል። በ«ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ጀምሩ፣ ከዚያ «ሪር ዊንዶው»፣ ከዚያ ልባችሁ ወደፈቀደው። እኔና ወንድሜ አራተኛው ላይ ደርሰናል። ሳሙራዩን ለመጪው ቅዳሜ ቀጥረነዋል፣ መሐሉ ላይ የራሱ እረፍት ስላለው ገና ከሰዓት በኋላ እንጀምራለን፤ የዝናቡን ውጊያ ሲያይ ፊቱን ለማየት ከአሁኑ ቸኩያለሁ።