ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን

ስሜን እንዳትጽፉ ብላናለች፤ ስለዚህ ሲስተር ብቻ እንላታለን። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። ይህን የምንጽፈው በጤና ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች ከታማሚዋ ቤተሰብ ጋር ሆነን ነው።

ታማሚዋ 31 ዓመቷ ነው። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጇ ዝሎ፣ ንግግሯ ተኮላትፎ ነበር። መጀመሪያ የተወሰደችበት ቦታ «ወጣት ናት፣ ጭንቀት ነው፣ ትረፍ» ብለው መለሷት። ግፊቷን እንኳ የለካ የለም! የያዛት ግን ስትሮክ ነበር፤ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣው ሕመም። ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ነው የሚለው ሐሳብ ስንት ወጣት አስቀረ።

ሲስተር ገና በሩ ላይ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆና የታየችው መቼ ነው?» አለች። ወሳኙ ጥያቄ ይሄ ነው። እንዲህ ሆኖ ከእንቅልፉ ለነቃ ሰው ሰዓቱ የሚቆጠረው ደህና ሆኖ ከተኛበት ጀምሮ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው በ4 ተኩል ሰዓታት ውስጥ ነዋ።

ወዲያው ጣቷን ወግታ ስኳሯን ለካች፤ ስኳር ሲወርድ ስትሮክ ይመስላል። ግፊቷንም ለካች፤ ከ185/110 በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት መውረድ አለበት። አንድ ዘመድ አስፕሪን በውሃ ሊሰጣት ሲል ሁለቱንም ከለከለች። የአንጎልን ምስል በሚያነሳው ሲቲ ስካን የደም መፍሰስ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ አስፕሪን አይሰጥም፤ መዋጥ መቻሏ ሳይፈተሽ የተሰጠ ውሃም ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ከሁሉም ልባችንን የነካው ግን ሌላ ነው። ጎንበስ ብላ ደህነኛውን ግራ እጇን ይዛ «እሺ ለማለት አንዴ ጨምቂኝ፣ እንቢ ለማለት ሁለቴ» አለቻት። አንደበቱ የተያዘ ሰው እንደማይሰማ ቆጥረው በላዩ ላይ የሚያወሩ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። እሷ ግን እያንዳንዱን ነገር ከማድረጓ በፊት ትነግራት ነበር።

መድኃኒቱ በሰዓቱ ደረሰላት። ዛሬ ትናገራለች፤ እጇ ገና ፊዚዮቴራፒ ይቀረዋል።

ሲስተር አሁን የክትትል ክፍልም ትሠራለች። እባካችሁ ወጣቶች ሂዱ፣ ተለኩ። የደም ግፊት ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። 5 ደቂቃ አሳርፋ፣ ጀርባን አስደግፋ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አድርጋ ትለካለች። ለክንድ የጠበበ ማሰሪያ ግፊትን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ትልቁንም ታስቀምጣለች። ሲጋራ፣ የልብ በሽታ፣ በቅርብ መውለድ፣ ከአንገት ጉዳት በኋላ የመጣ ሕመም፣ አንዱንም ሳትጠይቅ አታልፍም። በተለይ ማይግሬን የሚባለው ከባድ ራስ ምታት ሲጀምራት ብልጭታ የሚታያት፣ የምታጨስና ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ካለች ዛሬውኑ ታማክር፤ እነዚህ ሲደራረቡ የስትሮክ አደጋው በጣም ይጨምራል።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ምልክቱ አሁን የታየበት ሰው ግን የእኛን መልስ አይጠብቅ፤ ሲቲ ስካን ወዳለው ቅርብ ሆስፒታል ይሂድ።