የኮሮላ ካምቢዮ፦ ራስዎ ይፍቱት ወይስ ለመካኒክ ይስጡት?

መጀመሪያ ጥፋቱ በእርግጥ ካምቢዮው ውስጥ መሆኑን ይለዩ። ሞተር ጠፍቶ ማርሹ ሁሉ ሰተት ብሎ እየገባ፣ ሞተር ሲነሳ ግን አልገባም ካለ ያልለቀቀው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ካምቢዮ አይከፈትም። ፍሪሲዮን ተረግጦም አንዱ ማርሽ ብቻ፣ በተለይ 2ኛው፣ ሲገባ ክርርር የሚል ከሆነ የሲንክሮናይዘሩ (ማርሹ ሳይጋጭ እንዲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ክፍል) ቀለበት አልቋል። ዜሮ ላይ ቆሞ የሚያጉረመርም፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ያለ ምክንያት የወረደ ካምቢዮ ብዙ ነውና ይህን አይዝለሉት።

እዚህ የያዝነው የቶዮታ ኮሮላን ባለ 5 ማርሽ ሲ50 ነው። ማውረዱ ለባለቤቱ የሚከብድ ሥራ አይደለም። የባትሪውን ኔጋቲቭ መንቀል፣ ዘይቱን ማፍሰስ፣ የጎማውን ዘንግ ነት በ30 ቁጥር ቁልፍ ፈትቶ ሁለቱን ሰሚያስ (ኃይሉን ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚያደርሱትን ዘንጎች) ማውጣት፣ ሞተሪኖና የማርሽ ኬብሎቹን መፍታት፣ ሞተሩን ከሥር መደገፍ። ለሁለት ሰው የቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው። መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ግን ማንም ከሥሩ አይግባ።

የሚበላሸው ሲለያይና ሲገጠም ነው። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ያሰሩት ቡሎኖች ወጥተው ካምቢዮው በመግቢያ ዘንጉ ከተንጠለጠለ ክብደቱ የፍሪሲዮን ዲስኩን ያጎብጠዋል። ሲመለስ ደግሞ የአንድ ጣት ክፍተት ቀርቶ በቡሎን ስቦ ማስጠጋት ከሞተሩ ጋር የሚገጥመውን የካምቢዮ ቆብ ይሰነጥቀዋል። ያልገባው ዲስኩ መሃል ላይ ስላልተቀመጠ ነው፤ አውጥቶ ማስተካከል ይሻላል።

ውስጡን መክፈት ግን ሌላ ሥራ ነው። የ5ኛው ማርሽ ነት ተቀጥቅጦ የተቆለፈ ስለሆነ ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ አስገብቶ ዘንጉን መያዝ ይጠይቃል። ኩሽኔታ የሚገባው በፕሬስ (ቀስ ብሎ በኃይል በሚጫን ማሽን) ነው። በመዶሻ ከገባ ኳሶቹ መሄጃቸውን ይጠቀጥቁታል፤ ጩኸቱም ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። የዲፍሬንሻሉ ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ጥብቀት የሚስተካከለው በስስ ሽም (ክፍተት በሚሞላ የብረት ቀለበት) ነው፦ ከላላ ይጮሃል፣ ከጠበቀ ይግላል። ፕሬስና የጥብቀት መለኪያ ከሌለዎት እዚህ ላይ ያቁሙ።

ስለዚህ የእኛ ምርጫ፣ ማውረድና መስቀሉን ራስዎ፣ መክፈቱን ፕሬስ ላለው መካኒክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከእጅ ዋጋው ይልቅ ኪስ የሚጎዳው ዕቃው ስለሆነ ሙሉውን ለመካኒክ መስጠትም ያዋጣል። ጋራዥ በሰዓት በሚያስከፍልበት አሜሪካ ግን ራስዎ ማውረድዎ ብቻ ሂሳቡን በብዙ ይቀንሰዋል።

ከመካኒኩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፦ አሮጌው ዕቃ እንዲመለስልዎ፣ የመግቢያ ዘንጉና የሁለቱ ሰሚያስ ፓራኦሊዮዎች (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዙ የጎማ ቀለበቶች) እንዲቀየሩ፣ ኩሽኔታዎቹ ታጥበው በእጅ እየተሽከረከሩ እንዲታዩ። የሲንክሮናይዘሩን ቀለበት ማርሹ ላይ ጫን አድርጎ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ያሳይዎ፤ ከ0.6 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ይጣላል። የተሰበረውን ብቻ ቀይሮ የሚዘጋ መካኒክ ያስከፍልዎታል እንጂ አልሠራም።

አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ካምቢዮ መግዛትም አለ። ሲ50 እና ሲ52 ከውጭ ቢመሳሰሉም የማርሽ ጥርሳቸው ይለያያልና ኮዱን ያመሳክሩ። ዘይቱ ውስጥ የነሐስ ብናኝ ቢያብረቀርቅ አያስደነግጥም፤ በጣት የሚቆነጠጥ የብረት ስባሪ ካለ ግን ይተዉት።

የትኛውንም ቢመርጡ የሚሞላው 75ደብሊው-90 ጂኤል-4 ዘይት ነው፣ 1.9 ሊትር ገደማ፤ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ከመሙያው ቀዳዳ አፍ እስኪደርስ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ያፍሱትና በአዲስ ይተኩት።